በ4.2.1 ላይ ተቸንክረን ስለቀረንበት ጉዳይ

ለተከበሩ የሶፍትዌር ደረጃዎችና ጥራት ቁጥጥር መምሪያ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነሥቼ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ ያለችው ተክልም፣ ለማንሳት ሁለት እጅ የሚጠይቀው ትልቁ ማኅተምዎም ሁላችሁም በደኅና እንደምትገኙ ሙሉ ተስፋ አለኝ። የእኔን ጤና ከጠየቁ፣ ከመመሪያ ቁጥር ሰባት ወዲህ ጥርሴን በመንከስ ብዛት መንጋጋዬን ከሚያመኝ በቀር ደኅና ነኝ፤ ስለ አሳቢነትዎ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ማውጣቴ ድፍረት መሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን በደንቡ መሠረት በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች «ደርሷል» የሚል ማኅተም ከተመታባቸው በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባሉ፣ አራተኛውን ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ብለጥፈው እርስዎም ሲያልፉ ዓይንዎ ያርፍበት ይሆናል ብዬ ነው። ጉዳዩን የማያውቅ አላፊ አግዳሚም አብሮ ስለሚያነበው፣ እርስዎ በሚገባ የሚያውቁትን ነገር ከሥሩ ጀምሬ ሳስረዳ እንዳይቆጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በመሥሪያ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ በማይሠራበት ክንፍ የምሠራ ፕሮግራመር ነኝ። ለስድስት ዓመት የተንከባከብኩት ሥራ ተራ አስያዡ ይባላል። ተራ አስያዡ ራሱን የቻለ ፕሮግራም አይደለም፤ ላይብረሪ የምንለው፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ወስደው ከራሳቸው ጋር የሚገጣጥሙት ቁራጭ ሥራ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ሥር ባለው ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ማሽን እንደሚታጠብ የሚያሳየው ስክሪን ከበስተጀርባው ያለው ፕሮግራም የእኔን ተራ አስያዥ ይጠቀማል። የእኔ ተራ አስያዥ ደግሞ ቀኖችን የሚያሰላለት ቀን መቁጠሪያ የሚባል ሌላ ላይብረሪ ይጠቀማል። ቀን መቁጠሪያውን የሚሠሩት በአካል አይተናቸው የማናውቅ፣ ምንም ክፍያ የማይጠይቁ፣ ስህተት ሲገኝባቸው አርመው ይቅርታ የሚሉ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ጠባይ በእኛ ዘንድ ብዙም ስላልተለመደ ልጠቅሰው ወደድኩ።

እንግዲህ ፈቃድዎ ከሆነ ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

፩ኛ። የመመሪያ ቁጥር ሰባትን አወላለድ በሚመለከት።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰኞ ጠዋት ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶችን አስቀምጠው ሥራችንን ሊያሳዩ ሲሉ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ መቅረቱን፣ እንግዶቹም ለእርስዎ አዝነው ኮርኒሱን መመልከት መጀመራቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ምክንያቱ እሑድ ዕለት አንድ ላይብረሪ አዲስ ቨርዥን፣ ማለትም የታደሰ እትም፣ ማውጣቱና ፕሮግራሙም ማንንም ሳይጠይቅ አዲሱን ስቦ መውሰዱ ነበር። ያን ቀን መቆጣትዎ ትክክል ነበር፤ ይህን የምለው ያለ ምንም ሽሙጥ ነው። ሥራ ላይ የዋለ ፕሮግራም የተገጣጠመባቸውን ላይብረሪዎች ከነቨርዥን ቁጥራቸው አንድ በአንድ ጽፎ መቆለፍ አለበት፤ በመጨረሻው በር ላይ፣ በሽተኛው በሚያየው ስክሪን ላይ፣ ቁልፍ ተገቢ ነው። እኛም በዚያው ሳምንት ቆልፈናል። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ፎቶግራፍዎ ከጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሎ በተገኘ ነበር።

ግን አላበቃም። እርስዎ አንድ ነገር ከጠቀመ ሁሉም ቦታ ይደረግ ብለው በሚያምኑበት ቆራጥነት አንቀጽ አራትን አወጡልን፤ በእርሱም መሠረት ሥራ ላይ የዋለው ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን እያንዳንዷ ላይብረሪም የምትጠቀምባቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች በአንድ ቁጥር ብቻ፣ በእኩል ይሆናል ምልክት፣ ከዚህ እስከዚህ ሳትል እንድትቸነክር ታዘዘች። ቀድሞ «ከ4.2 ጀምሮ፣ 5 ሳይደርስ ያለው ሁሉ ይስማማኛል» ይል የነበረው ጨዋው ተራ አስያዤ፣ ከዚያ ወዲያ «4.2.1ን ብቻ አምጡልኝ፤ የሌላውን ዓይን ማየት አልፈልግም» የሚል ግትር ሆነ። ለዚህ የጠባይ ለውጥ ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

፪ኛ። የራሴን ጥፋት በሚመለከት።

ያችን የእኩል ይሆናል ምልክት የጻፍኳት እኔ ነኝ፣ በዚህች እጄ። መመሪያው የደረሰኝ ቀን መቁጠሪያው 4.2.1ን ካወጣ በሦስተኛው ቀን ስለነበር፣ ከቁጥሮች ሁሉ መርጬ ሳይሆን ያን ዕለት ጠረጴዛው ላይ የተገኘውን ቁጥር ቸነከርኩ። ምንም አላልኩም ብል ውሸት ነው፤ በስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ነበር። እርስዎ ግን «በትክክል ማለት በትክክል ነው» ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሲያልፉ እጄን አወረድኩ፤ ልቤ እያወቀ አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ። አሁን ሳስበው ከመመሪያዎ ይልቅ ያ የወረደ እጄ ያናድደኛል።

በዚያ ሳምንት አጎቴ ዘንድ ሄጄ ስነጫነጭ አመሸሁ። አጎቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ኮምፒውተር የሚያውቀው ደንበኞቹ ሲያወሩ ሰምቶ ብቻ ነው። ነገሩን እንደምንም ብዬ ካስረዳሁት በኋላ መቀሱን አስቀምጦ ረጅም ሳቅ ሳቀብኝ። አንዱ ሰፊ ሸሚዙን ከኮቱ ጋር አያይዞ ሰፍቶ ሌላው ሰፊ ደግሞ ሌላ ሸሚዝ ከሱሪው ጋር ቢሰፋ፣ ሰውየው ኮቱንም ሱሪውንም ለመልበስ ስንት ገላ ሊኖረው ነው፤ እኔ ኮት ስሰፋ ደረቱ ይህን ያህል ለሆነ ሰው ይሆናል እላለሁ እንጂ በየትኛው ሸሚዝ ላይ እንደሚለብሰው እኔ ምን አገባኝ፣ አለኝ። ከዚያም እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ጉዳችሁ አያልቅም ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ። እነሆ ክቡር ሆይ፣ መምሪያዎ ለአንድ ዓመት ያጠናውን ነገር አጎቴ ቁልፍ እየተከለ ጨረሰው። ጥናቱን ለሠሩት አማካሪዎች የወጣውን ወጪ አላነሳም፤ ሰው ፊት አይሆንም።

፫ኛ። ማክሰኞንና ሐሙስን በሚመለከት።

በቀን መቁጠሪያው 4.2.1 ውስጥ አንድ ስህተት ነበረበት። ፕሮግራሞቻችን በሚከተሉት የፈረንጆች አቆጣጠር ሠላሳ አንድ ቀን ባለው ወር ሠላሳ አንደኛውን ቀን ከነመኖሩ ይረሳዋል፤ በዚያ ቀን የተያዘ ቀጠሮ ሁሉ ከዝርዝሩ ይወድቃል። የከፋው ነገር ደግሞ ምንም ማስጠንቀቂያ አለማሰማቱ ነው፤ ስክሪኑ አይጮኽም፣ አይቀላም፣ ዝም ብሎ ባዶ ይሆናል። ሠሪዎቹ 4.2.1 በወጣ በዘጠነኛው ቀን ስህተቱን አርመው 4.2.2ን አወጡ። በእኛ ሙያ የመጨረሻዋ ቁጥር በአንድ ከፍ ስትል አዲስ ነገር አልጨመርንም፣ የተበላሸውን ብቻ ጠገንን ማለት ነው። ወሩ ሊያልቅ ገና ሃያ ቀን ይቀረው ነበር።

በሆስፒታሉ ኮምፒውተሮቹን የሚከታተለው ቴክኒሽያን ከኪሱ ብሎን ስለማይጠፋ ስሙ ብሎን ሆኖ ቀርቷል። ብሎን የእርማቱን ዜና እንዳየ አዲሱን ቨርዥን ሊጭን ሞከረ፤ መጫኛውም ተራ አስያዡ 4.2.1ን ብቻ ነው የሚፈልገው ብሎ ፊት ነሳው። ወዲያው ደወለልኝ፤ ልጄ፣ ይሄን ነገር የቸነከረው ማነው አለኝ። እኔ ነኝ ለማለት አፌ ስላልታዘዘልኝ መመሪያው ነው አልኩት።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ቅጽ ሞልቼ የድሮው አጻጻፍ እንዲመለስልኝ ጠየቅኩ፤ በዚያው ዕለት ከሰዓት በፊት አይቻልም ተብሎ ተመለሰልኝ፣ ይህም በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ፈጣኑ አገልግሎት ሳይሆን አይቀርም። በሁለተኛው ቅጽ እንግዲያውስ ቢያንስ ችንካሩን ከ4.2.1 ነቅዬ 4.2.2 ላይ ልምታው አልኩ። እዚህ ላይ የአጎቴ ሸሚዝ መጣ። የእጥበት ክፍሉ ፕሮግራም ለበሽተኞች ቀጠሯቸውን በስልክ የሚያስታውስ መልእክት ላኪ የሚባል ሌላ ላይብረሪም ይጠቀማል፤ እርሱም በእርስዎ ትእዛዝ በ4.2.1 ላይ ተቸንክሯል። የሚንከባከበው ከእኔ ጎን ባለው ክፍል የሚሠራ፣ በቀን ከሦስት ቃል በላይ የማይወጣው ስለሆነ ዝምታው የምንለው ባልደረባዬ ነው። እኔ ብቻ ወደ 4.2.2 ብሄድና እርሱ ቢቀር ሁለቱ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አብረው መኖር አይችሉም። ሁለታችንም በአንድ ቀን መንቀል ነበረብን።

የእኔን ጉዳይ የሚያየው ኮሚቴ የሚሰበሰበው ማክሰኞ ነው፤ የዝምታውን የሚያየው ሐሙስ። የማክሰኞው ኮሚቴ መጀመሪያ የሐሙሱን ፈቃድ ይዘሽ ነይ አለኝ፤ የሐሙሱ ደግሞ ዝምታውን መጀመሪያ የማክሰኞውን አምጣ አለው። እኛም ሊፍቱ ስለማይሠራ በደረጃው ላይ አቃፊ ታቅፈን፣ አንዳችን ስንወጣ አንዳችን ስንወርድ፣ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነን ሰነበትን። በመካከል ረቡዕ የሚሰበሰብ ኮሚቴ እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ በአንድ ኮሚቴ ተይዞ እየተጠና ነው ተብያለሁ። ሃያው ቀን እንዲሁ አለቀ።

፬ኛ። ባለፈው ወር ሠላሳ አንደኛ ቀን፣ ሰኞ የሆነውን በሚመለከት።

ይህን የምጽፈው ከሆስፒታሉ ጥበቃ፣ ከብሎንና ከሲስተር አፍ እንደሰማሁት ነው። ሲስተር የምላቸው የእጥበት ክፍሉን ለሃያ ስድስት ዓመት ያገለገሉ፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው ነርስ ናቸው። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሰኞ ተራ ያላቸው አሥራ አራት በሽተኞች በር ላይ ደረሱ። ጥበቃው እንደ ወትሮው ከፕሮግራሙ የታተመውን የስም ዝርዝር አወጣ፤ ወረቀቱ ላይ ከአናቱ ርእስ በቀር አንድም ስም አልነበረም። እርሱም ከወረቀቱ ውጭ ማንንም እንዳያስገባ በመመሪያዎ ስለታዘዘ ዛሬ ተራ የላችሁም ብሎ መለሳቸው። አንዳንዶቹ ተከራከሩ፤ ብዙዎቹ ግን ለክርክር የሚሆን አቅም የላቸውም፣ ከዓርብ ወዲህ አልታጠቡምና።

ፎቅ ላይ ሲስተር ማሽኖቹን አሰናድተው የሚመጣ ሰው አጡ። ቀና ብለው ስክሪኑን ቢያዩ «ለዛሬ የተያዘ ተራ የለም» ይላል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የሚታጠብ ሰው የሌለበት ሰኞ አይተው ስለማያውቁ ስክሪኑን ትተው ከጋዋናቸው ኪስ ባለ ካሬ መስመር ደብተራቸውን አወጡ። በዚያ ደብተር ላይ የበሽተኛው ሁሉ ስም፣ ቀኑ፣ ማሽኑና ስልኩ በእርሳስ ተጽፏል፤ በየቀኑ ማታ ከመውጣታቸው በፊት እያስተካከሉ ይጽፉታል። ከኮሪደሩ ስልክ አንድ በአንድ ደወሉ፣ አሥራ ሦስቱ ከመንገድ ተመለሱ።

አሥራ አራተኛው ስልክ የላቸውም። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በሰዓት ሰሌዳ የሠሩ ሰው በመሆናቸው ስምዎ የለም ሲባሉ አልተከራከሩም፣ እሺ ብለው ሄዱ። ሲስተር ጋዋናቸውን እንደለበሱ መንገድ ተሻግረው ፌርማታው ላይ ቁጭ ብለው አገኟቸው፤ እግራቸው ከማበጡ የተነሳ የጫማቸው ክር ተፈትቶ ወደ ቤት የሚወስዳቸውን አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ወረቀቱ ላይ የሉም ተባልኩ እኮ አሉ ሹፌሩ። እኔ ደብተር ላይ ግን አሉ፣ ይነሱ፣ አሏቸው ሲስተር፤ ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው።

በወረቀቱ ቢሆን ኖሮ እኒህ ሰው የሚመለሱት ረቡዕ ነበር፤ ከዓርብ እስከ ረቡዕ አምስት ቀን ነው። በሽታቸውን የሚያውቁትን ሐኪም አምስት ቀን ሳይታጠቡ ቢቆዩ ምን ይሆኑ ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። ረቡዕን ላያዩት ይችሉ ነበር አሉኝ።

፭ኛ። በዚያው ሳምንት ከመምሪያዎ የወጡትን ሁለት ወረቀቶች በሚመለከት።

እውነቱን ልናገር፣ የሆነውን ስሰማ አንድ ሰው መጥቶ ይቅርታ ይጠይቃቸዋል ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ወረቀት ለሲስተር የተጻፈ ክስ ሆኖ አረፈው። በመመሪያ ቁጥር ሰባት አንቀጽ ዘጠኝ የተከለከለውን ከሥርዓቱ ውጭ መዝገብ መያዝን በመተላለፍ፣ ማለትም ደብተርና እርሳስ ይዘው በመገኘት፣ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንዲቀርቡ ይላል፤ ቅጣቱም እስከ ስንብት ሊደርስ እንደሚችል ከታች በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ቀኑ በዚህ ወር ሠላሳ አንደኛ ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በሁለተኛ ፎቅ የስብሰባ ክፍል ነው። አሥራ አራት ሰው ያዳነችን እርሳስ ወንጀለኛ ለማድረግ ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ ሳስበው ትጋትዎን ማድነቄ አልቀረም።

ሁለተኛው ወረቀት ለእኔ ነው። የምስክርነት ቃል ይላል፤ ሁለት ገጽ ነው፤ እኔ እንድጽፈው ተብሎ እርስዎ ጽፈውልኛል። ፕሮግራሙ በጸደቁት ቨርዥኖች ላይ በትክክል ይሠራ እንደነበር፣ መደናገሩ የመጣው ሁለተኛ መዝገብ በመኖሩ እንደሆነ ካስረዳ በኋላ ከሥሩ ለፊርማዬ መስመር አስምሮልኛል። አለመዋሸቱን አደንቃለሁ፤ ፕሮግራሙ በእውነትም በትክክል 4.2.1 ነበር፣ ችግሩም ይኸው ነው። ከፈረምኩ የእድገት ጥያቄዬ በበጎ እንደሚታይ በቃል የነገሩኝን ረዳትዎንም ስለ ደግነታቸው አመሰግናለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ሲስተር ሄድኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ያችን ምልክት የጻፍኳት እኔ ነኝ አልኳቸው። በመነጽራቸው በላይ አይተውኝ፣ እና ታዲያ እዚህ ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ፣ ሂጂና አስተካክይው እንጂ፤ ለማልቀሱ ጡረታ ስወጣ አብረን እናለቅሳለን፣ አሉኝና ወደ ማሽናቸው ዞሩ። ከእርስዎ መምሪያ በአንድ ዓመት ውስጥ ያላገኘሁትን ግልጽ መመሪያ እሳቸው ቆመው ሰጡኝ።

፮ኛ። ሊፍቱ አሁንም አይሠራም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እንድፈርም ለጠየቁኝ ወረቀት መልሴ ይህ ነው፤ አልፈርምም። በተሰመረልኝ መስመር ላይ ስሜ አይወጣም። ወረቀቱን በአክብሮት እመልስልዎ ነበር፣ ግን በጀርባው ላይ የራሴን ምስክርነት ስለጻፍኩበት ያስፈልገኛል።

ሲስተር ሂጂ ባሉኝ መሠረትም ሄጃለሁ። ባለፈው ማክሰኞ፣ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሳለ፣ ወደ ዝምታው ክፍል ገብቼ ምን እንደማደርግ ነገርኩት። ይበቃል አለ፤ የዕለቱን ቃል በሙሉ በዚያች ላይ አዋላት። እኔ ክፍሌ ተመልሼ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ፣ እርሱም ሁለት ጊዜ መለሰልኝ፣ በዚያች ደቂቃ ሁለታችንም ችንካሮቻችንን ነቅለን አዲስ አወጣን። ሁለቱም ላይብረሪዎች አሁን ከ4.2.2 ጀምሮ 5 ሳይደርስ ያለውን ይቀበላሉ። ብሎን በሆስፒታሉ ወስዶ ገጣጠማቸው፤ የሚመጣውን ሠላሳ አንደኛ ቀን አስገብቶ ሞከረው፣ የሐሙስ ተራ ያላቸው አሥራ ሁለቱ ሰዎች ከነማሽናቸው ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ከዚያ በኋላ እርስዎ ስክሪኑ ነጭ በሆነበት ሰኞ በትክክል ተቆጥተው እንዳስቆለፉን በመጨረሻው በር ላይ ቆለፈው፣ በትክክል 4.2.2። ቁልፉ የሚገባበት ቦታ እዚያ ነውና። ቅጽ አልሞላሁም፤ ማክሰኞንም ሐሙስንም አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ለተያዘው ክስ ተከሳሽ ከተፈለገ በቂ ነን። ሲስተር ደብተር በመያዛቸው ከተከሰሱ እኔ ሰው ፌርማታ ላይ የጣለ ምልክት በመጻፌ፣ ከዚያም ያለ ፈቃድ በመንቀሌ ልከሰስ ይገባኛል፤ ከሁለቱ ጥፋቶቼ የመጀመሪያውን የሠራሁት በእርስዎ ፈቃድ መሆኑንም ለኮሚቴው አስረዳለሁ። ዝምታውም ይመጣል፤ ሦስት ቃል ያዘጋጀ ይመስለኛል። የአውቶቡስ ሹፌሩ የሐሙስ ተራ ስለሌላቸው እመጣለሁ ብለዋል፤ ደረጃው ለእግራቸው ስለሚከብድ ከላይ በስድስተኛው ተራ ቁጥር የጠቀስኩትን ጉዳይ እስከዚያ እንዲያስቡበት እለምናለሁ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሲስተር ክስ ይቋረጥ፣ በማኅደራቸው ውስጥም አንድ ወረቀት አይቅር። አንቀጽ አራት ከላይብረሪዎች ላይ ይነሳና ሥራ ላይ በዋለው ፕሮግራም ላይ ብቻ ይቅር። ይህን ለማድረግ አንድ መስመር መሰረዝ ይበቃል፤ እኔ ስሰርዝ የፈጀብኝ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። እምቢ ካሉ ግን እንደዚያ ቀን እጄን የማወርድ እንዳይመስልዎት። ስድስት ዓመት የለፋሁበትን ሥራ ነጥቀው ለሌላ ሊሰጡብኝ ይችላሉ፣ ከሦስተኛ ፎቅም ሊያወርዱኝ ይችላሉ፤ ሲስተርን ግን በእኔ ፊርማ አያባርሯቸውም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ማኅተምዎ፣ ማክሰኞንና ሐሙስን ስለ ሰጡን፣ ከሁሉም በላይ ዕድሜ ልኬን ዝምተኛ ሠራተኛ ነበርኩና ድምፅ እንዲኖረኝ ስላደረጉ ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ጤና፣ ረጅም ዕድሜና ለኩላሊትዎ ብርታት እየተመኘሁ፣ በትክክል፣ ያለ ምንም ከፍታና ዝቅታ፣ የእርስዎው ታዛዥ ሆኜ ከመቆየት ዛሬ የተሰናበትኩ፤

የተራ አስያዡ ላይብረሪ ተንከባካቢ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ

የተረሳ ነገር፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ የስብሰባ ክፍሉን ቁልፍ የሚይዙት ጸሐፊ በሌላ ጉዳይ ደወሉልኝ። ሠላሳ አንደኛው ቀን ላይ ክፍሉ ምንም ስብሰባ ስለሌለበት ለቀለም ቀቢዎች እንደተሰጠ አጫወቱኝ። ነገሩ ከንክኖኝ አጣራሁ። የስብሰባ ክፍሎችን የሚመዘግበውና ለኮሚቴው አባላት የስብሰባ ጥሪ የሚያስተላልፈው የመሥሪያ ቤታችን ፕሮግራም በመመሪያዎ መሠረት እስካሁን በ4.2.1 ላይ ተቸንክሮ ይገኛል፤ እንዲነቀል የቀረበው ቅጽም ጠረጴዛዎ ላይ ፊርማዎን ይጠብቃል። ስለዚህ ክሱን በሚሰሙት አምስት አባላት የቀን ዝርዝር ላይ ጥሪው የለም፤ በእርስዎም ዝርዝር ላይ ያ ቀን ባዶ ነው። ሲስተር ግን በደብተራቸው ላይ በእርሳስ ጽፈውታልና ሦስት ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ከቀቢዎቹ መካከል ቁጭ ብለው ይጠብቁዎታል። እርስዎም እንዳይቀሩ ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው ኪስዎ ውስጥ ቢይዙት መልካም ነው፤ ድርጊቱ በአንቀጽ ዘጠኝ ስለሚያስከስስ ሲጽፉ ብቻ ማንም እንዳያይዎት።